የማጂክ ሕግ ሲያከራክር፦ ከባድ ጥያቄን ደረጃ በደረጃ መፍታት

እዚህ ደብረ ብርሃን ከጓደኞቼ ጋር ማጂክ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ ስንጫወት አጠገባችን ዳኛ የለም። ያሉን ካርዶች ወይ ዘመድ ከውጭ ያመጣቸው ናቸው፣ ወይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምናቸው። አንዱ "ይሄማ አይቻልም" ሲል፣ ሌላው "ማን አለ አይቻልም?" ሲል፣ ጉዳዩን ዘግተን ወደ ጨዋታው የምንመለሰው እኛው ነን። ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ሆናችሁ ከሁለት ሦስት ጓደኛ ጋር የምትጫወቱ ከሆነ የእናንተም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። መመሪያው ለእናንተ ነው።

ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው። ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ1993 እ.ኤ.አ. አወጣው። ከዚያ ወዲህ ከ25 ሺህ በላይ የተለያዩ ካርዶች ታትመዋል። የእነዚህን ሁሉ ግንኙነት በቃሉ የሚያውቅ ሰው የለም። ደግነቱ ማወቅም አያስፈልግም። ከባድ የሚባለው ጥያቄ ሲበተን ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ትንንሽ ጥያቄዎች ሆኖ ይገኛል። ክርክሩ የሚረዝመው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለመመለስ ስንሞክር ነው። በቅደም ተከተል ከተጠየቁ ግን እያንዳንዳቸው የተጻፈ መልስ አላቸው።

መሠረታዊ አጨዋወቱን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ቃላቱንም ስንጫወት እንደምንጠራቸው እጠራቸዋለሁ።

ከጨዋታው በፊት የሚዘጋጅ

ክርክር የሚፈታው ጽሑፍ ኮምፕሪሄንሲቭ ሩልስ ይባላል። ከ200 ገጽ በላይ ነው። አትደንግጡ፤ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ሲያስፈልግ ይፈለግበታል። ዊዛርድስ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣዋል፤ ፒዲኤፍ አለው፣ የወርድ ፋይል አለው፣ ተራ ቲኤክስቲም አለው። ቲኤክስቲውን አውርዱ። ትንሽ ፋይል ነው፣ ማንኛውም ስልክ ይከፍተዋል፣ ቃል መፈለጊያውም ፈጣን ነው። ከሁሉ በላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል። እኛ ጋ ነፋስና ዝናብ ሲበረታ መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው እንደሚሄዱ ለናንተ አልነግርም።

ጽሑፉ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት፤ መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለ። አብዛኛው ክርክር የሚፈታው ከጥቂት ቁጥሮች ነው። 117 ማን መቼ መጫወት እንደሚችል ይናገራል። 603 ስለ ትሪገር (ነገር ሲከሰት ራሱ ስለሚነሳ አቢሊቲ) ነው። 608 ስፔልና አቢሊቲ እንዴት እንደሚፈጸሙ ይዘረዝራል። 613 ሌየር (የለውጦች ቅደም ተከተል)፣ 614 እና 616 "በምትኩ" ስለሚሉ ካርዶች፣ 702 እንደ ትራምፕልና ዴዝተች ያሉ ቃላት፣ 704 ደግሞ ጨዋታው ራሱ የሚያደርጋቸው ማጣሪያዎች ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዴካችሁ ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጡ ብዙ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ለምታሳትሙ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ወረቀት ላይ የካርዱን ስም ብቻ በእስክሪብቶ ጽፋችሁ አትጫወቱ። ጽሑፉን በሙሉ አስገቡ። ስም ብቻ ያለበት ካርድ ለክርክር በር ይከፍታል፤ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ለራሱ የሚመቸውን ነውና። በእጅ የተሠራ ካርድ ይፋዊ ውድድር ላይ እንደማይፈቀድም እወቁ። ቤት ውስጥ ግን ከተስማማችሁ ችግር የለውም።

አንደኛ፦ እጅ ይቁም

ጥያቄ ሲነሳ ካርድ አይነካ። ታፕ የተደረገው (ወደ ጎን የዞረው) ታፕ እንደሆነ ይቆይ። ስታክ (ገና ያልተፈጸሙት የሚደረደሩበት) ላይ ያለው ስፔል ወደ ግሬቭያርድ (የወደቁ ካርዶች ክምር) አይሂድ። ካርዱ አንዴ ከተነቃነቀ ክርክሩ ከሕግ ወደ ትዝታ ይዞራል፤ የትዝታ ክርክር ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ቀጥሎ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ የካርድ ሙግትም በዚያው መንገድ ቢሄድ ያምርበታል። ድርጊቱ የተጠየቀበት ተጫዋች ያደረገውን በቅደም ተከተል ይናገር። "ልክ ነኝ" የሚለውን ያቆየው። "በመጀመሪያ ይሄን ካስት አደረግኩ፣ አንተ ዝም አልክ፣ ከዚያ ያንን ታርጌት አደረግኩ" ይበል። ከዚያ ሌላው የሚለየውን ካለ ይጨምር። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሁለቱ የተከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ካርዱን ማንበብ፣ ድምፅ አውጥቶ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀሪውን ሁሉ በከንቱ ይደክማል። ካርዱን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። እንግሊዝኛው የሚከብደው ጓደኛ ካለ በአማርኛ አስረዱት፤ ፍርዱ ግን በታተመው ቃል ይሁን።

እጃችሁ ላይ ያለው ካርድ አሮጌ ከሆነ የታተመበት ጽሑፍ ላይሠራ ይችላል። እያንዳንዱ ካርድ ኦራክል የሚባል ወቅታዊ ጽሑፍ አለው፤ ጋዘረር በተባለው የዊዛርድስ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የሚሠራው እሱ ነው። ለምሳሌ ላይትኒንግ ቦልት በ1993 ሲታተም የነበረው ቃልና የዛሬው ቃል አንድ አይደለም። ዴካችሁ ውስጥ ያሉትን ካርዶች ኔትወርክ ሲኖር ፈልጋችሁ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ። ብዙ ካርዶች ከሥራቸው አጫጭር ማብራሪያዎች አሏቸው። የእናንተ ጥያቄ እዚያው ተመልሶ ሊገኝ ይችላል።

ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው "ታርጌት" የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ከሌለ ካርዱ ታርጌት አያደርግም፤ በልብ ግምት አይጨመርም። ራዝ ኦቭ ጎድ ክሪቸሮችን ሁሉ ያጠፋል፤ ታርጌት ግን አይልም። ስለዚህ ሄክስፕሩፍ ያለው (ተጋጣሚ ታርጌት ሊያደርገው የማይችል) ክሪቸር ከእሱ አያመልጥም። ኢንዲስትራክቲብል (የማይጠፋ) የሆነው ግን ያመልጣል፤ ካርዱ የሚለው "አጥፋ" ስለሆነ።

ሁለተኛው ሁለት ነጥብ ምልክት ነው። ከምልክቱ በፊት ያለው ክፍያ ነው፤ ከኋላው ያለው ውጤት። ለክፍያ ምላሽ መስጠት አይቻልም። ቪሴራ ሲር ክሪቸር መሥዋዕት አድርገህ ስክራይ 1 አድርግ (የዴክህን የላይኛ ካርድ አይተህ እዚያው ተው ወይ ታች አድርግ) ይላል፤ መሥዋዕቱ ያለው ከምልክቱ በፊት ነው። ተጋጣሚዬ ክሪቸሬን በቦልት ታርጌት ቢያደርግ፣ እኔ በምላሹ ያንኑ ክሪቸር መሥዋዕት ማድረግ እችላለሁ። እሱ "ቆይ፣ ሳትሠዋው ሌላ ቦልት ልጨምር" ማለት አይችልም። ሠዋሁ ስል ተሠውቷል። ቦልቱም ታርጌቱን ስላጣ ሳይፈጸም ይቀራል።

ሦስተኛ፦ ምን ዓይነት ነገር ነው?

አሁን ጽሑፉን መመደብ ነው። ዓይነቱን ከለያችሁ የጥያቄው ግማሽ ተፈታ።

ሁለት ነጥብ ያለው አቢሊቲ ተጫዋች ከፍሎ የሚያስነሳው ነው። "ዌን"፣ "ዌንኤቨር" ወይም "አት" ብሎ የሚጀምር ትሪገር ነው፤ ነገሩ ሲከሰት ራሱ ይነሳና ስታክ ላይ ይወጣል። "ኢንስቴድ" የሚል ካለ መተኪያ ነው፤ ስታክ ላይ አይወጣም፣ ምላሽም አይሰጥበትም፣ ክስተቱን ገና ሳይሆን ይቀይረዋል። ከእነዚህ የትኛውም ያልሆነው፣ ሜዳው ላይ እስካለ ዝም ብሎ የሚሠራው ነው።

በትሪገርና በመተኪያ መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ ላሳይ፤ በብዛት የሚያጣላው እሱ ነው። ብለድ አርቲስት ክሪቸር ሲሞት አንድ ተጫዋች 1 ላይፍ እንዲያጣና እኔ 1 እንዳገኝ ያደርጋል። ትሪገር ነው። ተጋጣሚዬ ደግሞ ሬስት ኢን ፒስ አለው፤ ወደ ግሬቭያርድ ሊሄድ የነበረው ሁሉ በምትኩ ኤግዛይል ይሆናል (ከጨዋታው ውጭ ይቀመጣል) ይላል። አሁን ክሪቸሬ በቦልት ጠፋ። ብለድ አርቲስት ይነሳል? አይነሳም። በማጂክ "ሞተ" ማለት ከሜዳ ወደ ግሬቭያርድ ሄደ ማለት ነው። ይሄኛው ወደ ግሬቭያርድ አልሄደም። "ሞቶ ከዚያ ኤግዛይል ሆነ" የሚባል ነገር የለም፤ መተኪያው ሞቱን ከመነሻው አስቀርቶታል።

ትሪገር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከመነሻ ቃሉ ቀጥሎ ወዲያው "ኢፍ" ብሎ ቅድመ ሁኔታ ካስቀመጠ ሁኔታው ሁለት ጊዜ ይመረመራል፦ ሲነሳና ሲፈጸም። ፌሊዳር ሶቨሪን በአፕኪፕህ መጀመሪያ 40 ወይም ከዚያ በላይ ላይፍ ካለህ አሸነፍክ ይላል። 42 ላይፍ ይዤ ትሪገሩ ተነሳ። ተጋጣሚዬ በምላሹ ቦልት መታኝ፤ 39 ሆንኩ። ትሪገሩ ሲፈጸም ሁኔታው አልተሟላም። አላሸነፍኩም።

አራተኛ፦ ሰዓቱን በወረቀት ማስፈር

የስታክ ሕግ አጭር ነው። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይፈጸማል። አንድ ነገር የሚፈጸመው ሁሉም ተጫዋቾች ምላሽ ሳይሰጡ ተከታትለው ሲያልፉ ነው። አንዱ ከተፈጸመ በኋላ ቀሪው ወዲያው አይፈጸምም፤ እንደገና ፕራዮሪቲ (የመጫወት ዕድል) ይሰጣል፣ ተራው የሆነው ተጫዋች ይጀምራል።

አጭር ቢሆንም በአፍ ሲወራ ይምታታል። ስለዚህ ወረቀት አምጡና ከታች ወደ ላይ ጻፉት። በጣም የተለመደውን እንውሰድ። ግሪዝሊ ቤርስ የሚባል ድብ አለኝ፤ 2/2 ነው (ፓወሩ 2፣ ታፍነሱ ማለትም የመቋቋም አቅሙ 2)። ተጋጣሚዬ ላይትኒንግ ቦልት ወረወረበት፤ 3 ዳሜጅ። እኔ በምላሹ ጃይንት ግሮውዝ አደረግኩለት፤ እስከ ተራው መጨረሻ +3/+3። ወረቀቱ ላይ ከታች ቦልት፣ ከላይ ጃይንት ግሮውዝ አለ። ላይኛው ይፈጸማል፤ ድቡ 5/5 ሆነ። ከዚያ ቦልት 3 መታው። ተረፈ።

አሁን ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። እኔ መጀመሪያ ጃይንት ግሮውዝ አደረግኩ፣ ተጋጣሚዬ በምላሹ ቦልት ወረወረ። ከላይ ያለው ቦልት ነው። ድቡ ገና 2/2 እያለ 3 ዳሜጅ መታው። ሞተ። ጃይንት ግሮውዝ ታርጌቱን አጣ፣ ሳይፈጸም ግሬቭያርድ ገባ። ካርዶቹ አንድ ናቸው፤ ውጤቱን የለየው ማን ቀድሞ ማን ተከተለ የሚለው ብቻ ነው። "በምላሹ" ያለው ማን እንደሆነ ሳይለዩ መከራከር ጉንጭ ማልፋት ነው።

እዚሁ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። የተረፈው ድብ ተራው ሲያልቅ ምን ይሆናል? 3 ዳሜጅ ተሸክሟል፤ +3/+3 ሲወርድ 2/2 ይሆናል። ታዲያ ለምን አይሞትም? ሕግ 514.2 ይመልሰዋል፤ ዳሜጁ የሚጠፋውና "እስከ ተራው መጨረሻ" የሚለው የሚያበቃው በአንድ ጊዜ ነው። ድቡ 3 ዳሜጅ ያለው 2/2 የሚሆንበት ቅጽበት የለም። በነገራችን ላይ ዳሜጅ ታፍነስን አይቀንስም። ክሪቸሩ ላይ ይቆጠራል እንጂ ቁጥሩን አይነካም። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ብዙ ጥያቄ ለራሱ ይመልሳል።

ክሪቸር ከሜዳ ወጥቶ ከተመለሰ ደግሞ አዲስ ነገር ነው። ስሙ ያው ቢሆንም የተደረገለትን አያስታውስም፣ የተወረወረበትም ቦልት አያገኘውም። ቁጥሩ 400.7 ነው።

አምስተኛ፦ ማጣሪያው መቼ ነው የሚሠራው?

ጨዋታው በራሱ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ላይፉ 0 የሆነ ይሸነፋል። ታፍነሱ 0 የሆነ ክሪቸር ግሬቭያርድ ይገባል። በቂ ዳሜጅ የተቆጠረበት ይጠፋል። እነዚህ ስታክ ላይ አይወጡም። ማንም ምላሽ አይሰጥባቸውም። የሚመረመሩት አንድ ተጫዋች ፕራዮሪቲ ሊያገኝ ሲል ነው፤ ስፔል እየተፈጸመ እያለ መሃል ላይ አይመረመሩም።

የቃላቱ ልዩነት እዚህ ዋጋ አለው። ኢንዲስትራክቲብል ክሪቸር በዳሜጅ አይጠፋም። ታፍነሱ 0 ከሆነ ግን ይሄዳል፤ ምክንያቱም ሕጉ እዚያ ላይ "ይጠፋል" አይልም፣ "ግሬቭያርድ ይገባል" ነው የሚለው።

ስድስተኛ፦ ሁለታችንም አንድ ላይ ስንነሳ

ይህን ጥያቄ ሳስረዳ የምጠቀምበት ምሳሌ አለ፤ ጨዋታ የሚጨርስ ስለሆነ ማንም አይረሳውም። እኔና ተጋጣሚዬ እያንዳንዳችን 1 ላይፍ ቀርቶናል። ሁለታችንም ብለድ አርቲስት አለን። ተራው የእኔ ነው። አንድ ሌላ ክሪቸር ሞተ። ሁለቱም ትሪገሮች ተነሱ። እኔ እሱን ታርጌት አደርጋለሁ፣ እሱ እኔን። ማን አሸነፈ?

ብዙ ሰው "ተራው የአንተ ስለሆነ አንተ ትቀድማለህ" ይላል። ሕጉ ይህን የሚለው ስታክ ላይ ስለማስቀመጥ ነው። ተራው የሆነው መጀመሪያ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሌላው ከላይ ይጨምራል። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ስለሚፈጸም የተጋጣሚዬ ትሪገር ይቀድማል። እኔ 0 ሆንኩ፣ እሱ 2። ማጣሪያው ተመረመረ፤ ተሸነፍኩ። የእኔ ትሪገር ሳይደርስ ጨዋታው አለቀ። አንድ ተጫዋች ብዙ ትሪገር ካለው የራሱን ቅደም ተከተል ራሱ ይመርጣል። ከሁለት በላይ ስትጫወቱ ደግሞ ተራው ከሆነው ጀምሮ በተራ አዟዟር ይሄዳል።

መተኪያዎች ሲገጣጠሙ ሕጉ ሌላ ነው። የሚመርጠው የሚነካው ተጫዋች ነው፤ ወይም የሚነካውን ካርድ የሚቆጣጠረው ሰው። ሃርደንድ ስኬልስ ክሪቸሬ ላይ የሚቀመጠውን +1/+1 ካውንተር በአንድ ይጨምራል። ደብሊንግ ሲዝን እጥፍ ያደርገዋል። አንድ ስፔል 1 ካውንተር ሊያስቀምጥልኝ ነው። መጀመሪያ አንድ ልጨምርና 2 ላድርገው፣ ከዚያ ላጥፈውና 4 ይሁን? ወይስ መጀመሪያ ላጥፈውና 2 ሆኖ፣ አንድ ተጨምሮ 3 ይሁን? ክሪቸሩ የእኔ ስለሆነ ምርጫው የእኔ ነው። 4 እወስዳለሁ። የትኛው ካርድ ቀድሞ ሜዳ ላይ እንደወጣ እዚህ ላይ አይጠየቅም።

ሰባተኛ፦ ሌየር

ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ፍርሃቱ ከሚገባው በላይ ነው ባይ ነኝ። ብዙ ካርዶች አንድን ካርድ በአንድ ጊዜ ሲቀይሩት የትኛው እንደሚቀድም የሚናገር ዝርዝር ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ሰባት እርከን አለው፦ ቅጂ፣ የማን እንደሆነ፣ ጽሑፉ፣ ዓይነቱ፣ ቀለሙ፣ አቢሊቲው፣ በመጨረሻ ፓወርና ታፍነስ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ካርዶቹ የወጡበት ጊዜ ምንም ይሁን።

ሰባተኛው እርከን በውስጡ ይከፋፈላል። መጀመሪያ ቁጥሩን የካርዱ የራሱ ጽሑፍ የሚወስን ከሆነ እሱ ይሠራል። ቀጥሎ "መነሻው ይህን ያህል ይሁን" የሚሉት። ቀጥሎ የሚጨምሩና የሚቀንሱት፤ ካውንተርም እዚህ ነው። መጨረሻ ፓወርና ታፍነስን የሚያቀያይሩት።

ተርን ቱ ፍሮግ የሚባለው ስፔል አንድን ክሪቸር አቢሊቲዎቹን ነጥቆ መነሻው 1/1 የሆነ ሰማያዊ እንቁራሪት ያደርገዋል። ድቤ ላይ ጃይንት ግሮውዝ አድርጌ 5/5 ሆኗል። ከተፈጸመ በኋላ ተጋጣሚዬ ተርን ቱ ፍሮግ አደረገበት። "1/1 ሆነ" ይላል። እኔ ደግሞ ዝርዝሩን እከፍታለሁ። መነሻውን የሚተክለው ይቀድማል፦ 1/1። የሚጨምረው ይከተላል፦ +3/+3። ድቡ 4/4 ነው። ጃይንት ግሮውዝ ቀድሞ መምጣቱ ምንም አይለውጥም። +1/+1 ካውንተር ቢኖረውም 5/5 ይሆን ነበር።

ሁለት ካርዶች በአንድ እርከን ላይ ከተገናኙ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይሠራል። አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚለውጥ ከሆነ ነው። ብለድ ሙን መሠረታዊ ያልሆኑ ላንዶችን ሁሉ ማውንቴን ያደርጋል። ኧርቦርግ የሚባለው ላንድ ደግሞ ሁሉም ላንድ በተጨማሪ ስዋምፕ ነው ይላል። ሁለቱም ዓይነት ስለሚቀይሩ አራተኛው እርከን ላይ ናቸው። ኧርቦርግ ቀድሞ ወጥቶ ቢሆንስ? እሱ ይቅደም ያሰኛል። ነገር ግን ብለድ ሙን ኧርቦርግን ራሱን ማውንቴን ያደርገዋል፤ ማውንቴን የተደረገ ላንድ ደግሞ የራሱን ጽሑፍ ያጣል። የኧርቦርግ ሥራ በብለድ ሙን ላይ የተመሠረተ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጊዜው ሳይታይ ብለድ ሙን ይቀድማል። ኧርቦርግ ተራ ማውንቴን ሆኖ ይቀራል፤ ማንም ላንድ በእሱ ምክንያት ስዋምፕ አይሆንም። ቁጥሩ 613.8 ነው። እውነቱን ለመናገር ቤት ውስጥ ስትጫወቱ ይህን የምትፈልጉት በጣም አልፎ አልፎ ነው። ግን ሲመጣ በጩኸት አይፈታም።

ስምንተኛ፦ ሲጋጩ ማን ይበልጣል?

ካርድና ሕግ ከተጋጩ ካርዱ ያሸንፋል፤ 101.1። አንዱ "ትችላለህ"፣ ሌላው "አትችልም" ካሉ "አትችልም" ያሸንፋል፤ 101.2። የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይጠየቅም። እነዚህን ሁለቱን ማንም ተጫዋች በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል።

መልሱ ካልተገኘ

ፋይሉን አይታችሁ አሁንም ካልተስማማችሁ ጨዋታውን አትግደሉት። አምስት ደቂቃ ፈልጉ፤ ካለፈ ጊዜያዊ ውሳኔ ስጡ። ከመጀመራችሁ በፊት ማን እንደሚወስን ብትስማሙ ይሻላል። በዚያ ዙር የማይጫወት ሰው ካለ እሱ ይወስን፤ ከሌለ ሳንቲም ጣሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በንዴት መሃል የወጣ ደንብ ለቀጣዩ ጨዋታ አይሆንም። ስለዚህ ውሳኔው ለዚያች ጨዋታ ብቻ ይሁን። ኋላ ላይ ስህተት መሆኑ ቢታወቅም ያለቀው ጨዋታ አይከፈት።

ጥያቄውን ግን ደብተር ላይ ጻፉት። አጻጻፉ ነው ዋናው። "ብለድ አርቲስት ሲኖር ማን ይሸነፋል?" የሚል ጥያቄ ማንም አይመልሰውም። እንዲህ ይጻፍ፦ "ተራው የእኔ ነው፣ የመጀመሪያው ሜን ፌዝ ላይ ነን። ሁለታችንም 1 ላይፍና አንድ አንድ ብለድ አርቲስት አለን። የተጋጣሚዬን ግሪዝሊ ቤርስ በላይትኒንግ ቦልት ገደልኩ። ስታክ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። የማን ትሪገር ቀድሞ ይፈጸማል?" የማን ተራ፣ የትኛው ክፍል፣ ሜዳው ላይ ያለው፣ ስታክ ላይ ያለው፣ የካርዶቹ ሙሉ ስም፣ የድርጊቱ ቅደም ተከተል። ይህን ስትጽፉ ግማሹ ጥያቄ እጃችሁ ላይ ራሱን ይመልሳል። ቀሪውን ኢንተርኔት ሲገኝ የማጂክ ዳኞች ጥያቄ የሚመልሱባቸው ቦታዎች ላይ መጠየቅ ይቻላል። ማጂክ አሬና የሚባለው መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ካለ ደግሞ ሁኔታውን እዚያ ሠርታችሁ ሞክሩ፤ ሕጉን ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚያስፈጽመው። ብዙ አሮጌ ካርዶች ግን እዚያ የሉም።

"እኔ ድሮ እንዲህ ነበር የምንጫወተው" ለሚል ጓደኛም መልስ አለ። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ድሮ። የማጂክ ሕግ ይለወጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. የውጊያ ዳሜጅ ስታክ ላይ መውጣቱ ቀረ። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ፋውንዴሽንስ የተባለው የካርድ ስብስብ ሲወጣ ደግሞ አጥቂው ብዙ ብሎከሮችን በቅደም ተከተል መደርደሩ ቀርቶ ዳሜጁን እንደፈለገ ማካፈል ቻለ። አዲስ የካርድ ስብስብ ሲወጣ ፋይሉም ይታደሳል። መጀመሪያው ላይ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። ሁለት ሰው ሁለት ፋይል ይዞ ከመጣ ቀኖቹን አስተያዩና በአዲሱ ተጫወቱ።